መርዶ በንጋት

ጎረቤቴን በቅጡ የተዋወቅኋት ልትሰድበን በመጣች ቀን ነው። የአማቴ ለቅሶ ነበር። አማቴ ያረፉት አዲስ አበባ ቢሆንም፣ ባሌ እዚህ፣ በምድር ደቡብ ጫፍ በተሰደድንበት ከተማ፣ ሜድስቶን በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ወንበር ደርድሮ ለቅሶ ተቀምጧል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በመኪና ተሞላ። ከእድራችን አባላት አንዱ፣ ሐዘንተኛን ሕግ አይነካውም ብሎ ይሁን ወይም እንዲያው ዓይን አውጣ ሆኖ፣ መኪናውን የሴትዮዋ መግቢያ ላይ ገትሮት ገባ። እሷም የአትክልት ጓንቷን እንዳጠለቀች፣ ፊቷ በንዴት ቀልቶ፣ ጋራዡ በር ላይ መጥታ ቆመች። አፏን ልትከፍት ስትል በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ አንዲት የጎንደር አሮጊት ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። ሴትዮዋ ጓንቷን አወለቀችና በሩ ሥር ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪናውንም ስድቡንም ረሳችው። ሦስቱንም ቀን እየመጣች ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን፣ “ያቺ ሴት የምትለውን ማን ነው የጻፈላት?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ማንም አልጻፈላቸውም። ከራሳቸው ነው” አልኳት።

“እናቴም እንዲሁ ነበረች” አለችኝ። በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ባሕሩ ከበር በሚታይበት መንደር፣ እናቷ ሰው በሞተ ቁጥር እየተጠሩ በሬሳው ራስጌ ቆመው የሟቹን ነገር በዜማ የሚያወርዱ ሴት ነበሩ። ኋላ ቄሶቹ የአረማውያን ልማድ ነው ብለው አወገዙት፤ ቀስ በቀስም የሚጠራቸው ጠፋ። የኛም ቄሶች ሙሾ እንደማይወዱ ነገርኳት። “ቄስ የትም ቄስ ነው” አለች። ሳቄ መጣ፤ ለቅሶ ቤት ስለሆንኩ በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ከዚያ ገጣሚ ነኝ አለችኝ፤ ይህን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። እኔ ገጣሚ አልወድም። በዚህ ከተማ ሁለት መስመር ቤት ያስመታ አበሻ ሁሉ ገጣሚ ነው፤ ሠርግ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ መዋጮ ቢሆን፣ አንዱ ስልኩን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ይነሳና ወጡ እስኪበርድ አገሩን ያሞግሳል። አገሩን ጥሎ የመጣው ግን ማንም ሳያባርረው ነው። ስለዚህ ይህች ሴትዮም ግጥም እጽፋለሁ ስትለኝ፣ እግዜር ይማርሽ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ቀጫጭን መጻሕፍቷን አመጣችልኝ። ላሾፍባቸው ገለጥኳቸው፤ ማሾፊያ ግን አጣሁ። ስለ ሆስፒታል አንሶላ ትጽፋለች። ከረግረግ እየተቆረጠ በፀሐይ ስለሚደርቅና ምድጃ ውስጥ ስለሚነድ አፈር ትጽፋለች። ከሁሉም በላይ ስለ እኅቷ እጅ ትጽፋለች። አገሬ የሚል ቃል የለበትም። ከወራት በኋላ ግን ስለ እኛ ለቅሶ የጻፈችውን ስታሳየኝ፣ ጋራዡ ውስጥ ከበሮ አስገብታበት አገኘሁት። በአጥር ላይ ጠራኋትና፣ “ለቅሷችን ላይ ከበሮ የት አየሽ? አፍሪካ ሲባል ከበሮ ካልተመታ አይታያችሁም?” አልኳት። ወረቀቱን ቀድዳ ኪሷ ከተተችው። በማግስቱ ያለ ከበሮ አዲስ ጽፋ መጣች፤ ይኸኛው ጥሩ ነበር። ወዳጅነታችን የተጀመረው ያኔ ነው። ሁለታችንም ሰው መናቅ እንወድ ነበር፤ እሷ የፈረንጅ ገጣሚዎችን፣ እኔ የአበሻውን፤ ልብስ እያሰጣን በአጥር ላይ እናማለን።

ሕይወቷን የነገረችኝ በዚሁ በአጥሩ ላይ ነው። ታላቅ እኅቷን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ቤት ጠባቂ አደረጓት፤ እሷን አስተማሯት። ነርስ ሆና ለንደን ሄደች፤ ከዚያም እዚህ መጣች። አንድ ባል አገባች። ግጥሟን “ያቺ ጨዋታሽ” እያለ የሚጠራ ሰው ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ ተለያዩ። እሱን ስታነሳ የሞተ አይጥ እንዳየ ሰው አፍንጫዋን ትሸበሽባለች። እኅትየዋ በዚያው በባሕሩ ዳር ቤት ቀርታ እናታቸውን አስታመመች፤ አንድ ልጅም አሳደገች። በየእሑዱ በስልክ ይገናኛሉ። የእናትየዋን ዜማ የምታስታውስ በዓለም ላይ እኅትየዋ ብቻ ነበረች። መጻፍ አትወድም፤ በስልክ ትላታለች፣ ይህችኛዋ ትይዛለች።

ሁለቱ አንድ ቃል ተገባብተው ነበር። እነሱ ዘንድ ሬሳ ከመቀበሩ በፊት ቤት ያድራል፤ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ያመሻል። ከሁለታችን ቀድማ ለምትሞተው፣ የቀረችው በራስጌዋ እንደ እናታችን ትናገርላታለች ተባባሉ። እኅትየዋ ሳንባዋን ሲያማት፣ ጎረቤቴ ለመሄድ አቅም እንደሌላት ታውቅ ነበርና፣ “በስልክም ቢሆን ጆሮዬ ላይ ያድርጉት” ብላታለች እኅትየዋ። ጎረቤቴ ያንን ግጥም መሥራት ጀመረች። አሠራሯ እንደ እናቷ ነበር። መስመሩ በቃሏ ካልቆመ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ጓሮዋ ውስጥ እየተመላለሰች ጮክ ብላ ትለዋለች፣ ታፈርሰዋለች፣ እንደገና ትለዋለች። በነዚያ ቀናት ስልኳን አጥፍታ ዱቄት ጣሳ ውስጥ ትከተዋለች። ለእኅቷ ልጅ የኛን ቤት ቁጥር ሰጥታው ነበር፤ የቸኮለ ነገር ከመጣ በአጥር ይጠሩኛል ብላ።

እድራችን ውስጥም የገባችው ያኔ ነው። ሊቀመንበሩ ፈረንጅ አባል አገኘሁ ብሎ ሊያብድ ምንም አልቀረው። በየጠቅላላ ጉባኤው እያስነሳ “የኛ አይሪሽ” እያለ ያስጨበጭብላታል። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አንቱ እንዳልለው ይፈቀድልኝ። ሰውየው በመርዶ የታወቀ ነው። እኔ ካረዳሁት ሰው አንድም ወድቆ አያውቅም እያለ ይኩራራል። ሞት ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚታየውን ሥራ ያገኘ ሰው ብርታት ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ኋላ የሰማሁትን አሁን ላስቀድመው። በጥር አንድ ዓርብ የእኅቷ ልጅ የሷ ስልክ ዝግ ሆኖበት ቤታችን ደወለ። ባሌ አነሳው። እናቴ ዛሬ ሞተች፣ ቀብሩ ነገ ነው፣ እኛ ዘንድ አይቆይም፤ ሂድና የአክስቴን በር አንኳኳልኝ፣ ስልኩን እናቴ ጆሮ አጠገብ አድርገን እንጠብቃታለን፣ የምትለውን እሷ ታውቀዋለች አለው። ባሌ መሃል ከተማ በሴኩሪቲ የሚሠራ፣ እንግሊዝኛ የማይቸግረው ሰው ነው። ሁሉንም ሰምቷል። እሺ ብሎ ስልኩን ዘግቶ ግን አጥር ብቻ የሚለየንን ጎረቤት ትቶ ከከተማው ዳር ሆፐርስ ክሮሲንግ ወዳለው ሊቀመንበር ደወለ።

ሊቀመንበሩም ፈረደ። “ብቻዋን የምትኖር፣ ደም ብዛት ያለባት ሴት። በማታ? ያለ ሰው? ሬሳ ጆሮ ላይ ስልክ ማድረግስ ምን የሚሉት ጥንቆላ ነው? መርዶ በንጋት ነው፤ ሰውም ሞልቶ።” ይህ ከሆነ ቅዳሜ ንጋት ላይ ይነገራታል ማለት ነው። ቅዳሜ ግን የራሱን ልጅ እየዳረ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ድስት ላይ ናቸው፤ በሁለት በሦስት ሰው ማርዳት ደግሞ ለእድሩ ነውር ነው። እሑድ ይሁን ተባለ። “ለሚስትህም እንዳትነግራት፣ አፏ ወንፊት ነው” አለው። ባሌም አልነገረኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። እንደዚያ ቀን ፊቷ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። “ጨረስኩት” አለችኝ። “ነገ እሑድ ስትደውል አላነብላትም። በሕይወት እያለች መስማት ነውር ነው። ግን እንዳለቀ እነግራታለሁ፤ ደስ ይላታል።”

ሠርጉ ተጠርታ ስለነበር በኛ መኪና ሄድን። ባሌ በሩን ከፈተላት። ለእኔ በትዳራችን ዘመን ሁሉ የመኪና በር ከፍቶ አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ አቅፈዋት አልለቅ አሉ፤ ከዶሮው ለእሷ ይመረጥላታል፣ ወንበር ይሳብላታል። “እንዲህ የተከበርኩበት ሠርግ የለም” አለችኝ በጆሮዬ። እኔ ደግሞ ፈረንጅ ማምለካቸው ነው ብዬ ናቅኋቸው። መናቄስ ልክ ነበር፤ ምክንያቱን ነው ያላወቅሁት።

ዘፋኙ “የኛ አይሪሽ” ብሎ ሲጠራት ተነሳች። እስክስታ አትችልም፤ ትከሻዋ ለብቻው፣ አንገቷ ለብቻው ነው የሚሄደው። ግን ግጥሟን ጨርሳለች፣ ደስ ብሏታል። ክብ ሠሩላት። እልልታው አዳራሹን ሞላው። ሊቀመንበሩ በሙሽራ አባት ልብሱ መጥቶ ብር ግንባሯ ላይ ለጠፈላት። ዳር ላይ አንዷ ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ስትጠርግ አየሁ፤ የሠርግ እንባ መሰለኝ። ያ ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር። እሷና እኔ ብቻ ነበርን የማናውቀው። እዚያ በባሕሩ ዳር ያን ጊዜ ጠዋት ነበር፤ እኅትየዋን ከቤት እያወጧት ነበር።

እሑድ ገና ሳይነጋ ባሌ ቀሰቀሰኝ። “ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ” አለኝ። አገር ቤት ያለው ወንድሜ የሞተ መሰለኝ። “ያንቺ አይደለም” አለኝና ወደ ደጅ ወሰደኝ። የጎረቤቴ ሣር ላይ እድሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። የሴቶቹ እጅ ላይ የሠርጉ ሂና ገና አልለቀቀም። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ “እኅቷ አርፋለች። አንቺ ትተረጉሚያለሽ” አለኝ። ለምን እንደተቀሰቀስኩ የገባኝ ያኔ ነው፤ እንደ ስልክ ሽቦ ቃላቸውን እንዳስተላልፍላቸው ፈልገው ኖሯል።

በሩን ከፈተች። ያንን ሁሉ ነጭ ልብስ አየች። ሌላውን ትታ እኔን፣ “ማን ነው?” አለችኝ።

“እኅትሽ ትንሽ ጠንቶባታል፣ በያት” አለ ሊቀመንበሩ።

“እኅትሽ ሞታለች” አልኳት።

ያቺን ታህል እንግሊዝኛ ያውቃልና በዓይኑ ወጋኝ። እሷ የበሩን እጀታ ይዛ፣ “መቼ?” አለች።

“መቼ ነው ጋሼ?” አልኩት።

“ዓርብ።”

“ቀብሩስ?” አለች።

“ትላንት። በክብር ተፈጽሟል፣ በያት” አለኝ። ክብሩን የት እንዳየው እግዜር ይወቅ። እሷ ጣቶቿን እየነካካች የዚህን ሰዓት ወደዚያ ሰዓት አሰላች። ሁለቴ አሰላችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እየጨፈርኩ ነበር” አለች።

“ምን አለች?” አለኝ ሊቀመንበሩ።

“እየጨፈርኩ ነበር አለች።”

“ተመስገን ነው” አለ ከልቡ። “አንዲት ማታ እንኳ ሳታዝን አደረች። የመርዶ ጥቅሙ ይኸው ነው። በያት እንጂ።”

አላልኳትም። በዚያች ደቂቃ ያንን ሰውዬ የናቅሁትን ያህል ማንንም ንቄ አላውቅም፤ ጎበዝ ነኝ በንቀት። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ለቅሷቸው የምር ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱላት፤ ሦስት ቀን ድስት ተሸክመው እየመጡ ቤቷን ሞሉት፤ ዕቃዋን አጥበው ቦታው መለሱ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር። ሙሾ የሚያወርድ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ የጎንደሯ ሴት ከሞቱ ቆይተዋል። አንዱ ከስልኩ መዝሙር ከፈተ። ጎረቤቴ በመሃላቸው ደርቃ ተቀምጣ ስልኩን ታያለች።

ለእኅቷ ልጅ የደወለችው ሰው በሙሉ ከሄደ በኋላ ነው። አጠገቧ ነበርኩ። “ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን እናቴ ጆሮ ሥር አድርገን ጠበቅንሽ” አላት። “ባትሪው ሲያልቅ ቀየርነው።” ስልኩን ዘግታ፣ “ለጆሮዋ የሠራሁት ነበር” አለችኝ። “አሁን ወረቀት ሆነ።” ወረቀቱን ለልጁ በፖስታ ላከችለት፤ ለማንም አላሳየችውም፤ መጽሐፍም ውስጥ አልገባም።

ባሌን፣ “እንዴት አስቻለህ?” አልኩት። “ለደግ ብለን ነው፤ እናትሽ ስትሞት ላንቺስ እንዲህ አይደል የተነገረሽ?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔንም ደብቀውኛል። ያኔም ደስ አላለኝም። እሱ ግን እስከ ዛሬ ደግ የሠራ ነው የሚመስለው። ክረምቱ እስኪገባ አላነጋገርኩትም፤ የማታ ሺፍት ስለሚሠራ ልዩነቱን የተረዳው አይመስለኝም።

እሷ ከእድሩ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣችም። “ወንበር ደርድሮ የሚቀመጥልኝ ሌላ ማን አለኝ?” አለችኝ። “ግን እኔ ስሞት ለእኅቴ ልጅ አንቺ ደውዪለት። ወዲያው። እነዚህን ሰዎች እንዳታማክሪ።” ቃል ገባሁላት።

በሚቀጥለው ዓመት ስለዚያ ጭፈራ ጻፈች። በአዳራሽ መሃል አንዲት አሮጊት ትጨፍራለች፣ ዙሪያዋን የቆሙት ያጨበጭባሉ፣ ሁሉም አንድ ነገር ያውቃሉ፣ እሷ አታውቅም። መሞትን አንዴም አታነሳም። መጽሐፉ ሲመረቅ በትራም መሃል ከተማ ወሰደችኝ። አንድ የመጻሕፍት ቤት ፎቅ ላይ የወይን ብርጭቆ የያዙ፣ በበጋ ሻርፕ የጠመጠሙ ሰዎች ተሰብስበዋል። ያንን ግጥም አንብባ ስትጨርስ በረጅሙ ተነፈሱ። አንዱ ወደ እኔ መጥቶ፣ “ሕዝባችሁ ለደስታ የተለየ ስጦታ አለው” አለኝ። ከሊቀመንበሩ በምን ይሻላል? እሱስ ቢያንስ ድስት ተሸክሞ ይመጣል። ጎረቤቴ ከመድረኩ ሆና ፊቴን አየችው፤ ያሰብኩትን አውቃለች። ወደ ቤት ስንመለስ ትራሙ ውስጥ እንደ ልጅ ሳቀች፤ መሃል ላይ ሳቋ ተቆረጠና በመስኮት ውጭ ውጭ ታይ ጀመር።

የሞተችው ባለፈው ሰኔ ነው፤ እዚህ ሰኔ ብርድ ነው። ልቧ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ሊቀመንበሩም ጭማቂ ይዞ መጥቷል፤ በሽተኛ መጠየቅ አይሰለቸውም። ሽልማት ያገኘ አንድ ገጣሚ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ስለነበር አነበብኩላት። “ያ ሰውዬ አንዲት መስመር በቃሉ መያዝ አይችልም” አለች። ሳቅሁ። እሷም ልትስቅ ስትል ዓይኗ ቆመ። ነርሶቹ መጡ፤ መጋረጃውን ሳቡ፤ ቆይተውም ወጡና አንገታቸውን ነቀነቁልኝ።

ስልኬን ስመዝ ሊቀመንበሩ ክንዴን ያዘኝ።

“አሁን አይሆንም፣ ልጄ። ሰው በድንገት አይረዳም። መርዶ በንጋት ነው።”

“እዚያ እየነጋ ነው ጋሼ” አልኩት። እውነቴን ነበር። ክንዴን ለቀቀ።

የእኅቷ ልጅ በሁለተኛው ጥሪ አነሳው። እንቅልፍ ድምፁ ላይ አለ። “አክስትህ ሞታለች” አልኩት።

“መቼ?” አለኝ።

“አሁን። እጇ ገና ሙቅ ነው።”

መሳቢያ ሲከፈት፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። “ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ” አለኝ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ፤ ስልኩን ትራሷ ላይ፣ ከነጭ ፀጉሯ ሥር አደረግሁት። ልጁ ማንበብ ጀመረ። ለእኅቷ የሠራችው ያ ግጥም ነበር፤ ስለ እጅ፣ ስለ ምድጃው አፈር፣ ከትምህርት ቤት ስለቀረች ልጅ። እኅቴ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ አክስቴ ይላል። አንዳንዴ ድምፁ ይቆረጥና መልሶ ከመስመሩ መጀመሪያ ይነሳል። አለቀስኩ፤ እኔ ለቅሶ ላይ የሚስቁ ሰዎች ወገን ነበርኩ።

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላዬ ቆሟል። እንግሊዝኛው አልደረሰለትም። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ “ምን ይላል? ተርጉሚልኝ እንጂ” አለኝ።

“ላንቱ አይደለም ጋሼ” አልኩት። “ለሷ ነው።”